ረጂውን ማን ይርዳው? የሱስ ሕክምና ሠራተኞችን ዝለት በቡድን ሥልጠና ስለ መቀነስ

ስለ ሱስ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሚጠጣው፥ የሚያጨሰው ወይም የሚቅመው ሰው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሚስቱና ልጆቹ ይታሰባሉ። ያን ሰው እጁን ይዞ ከወደቀበት ለማንሣት በየዕለቱ የሚደክመው ሠራተኛ ግን ከቁጥር አይገባም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህን የተረሳ ሰው ነው፤ ይኸውም ነርሱን፥ የጤና መኮንኑን፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና ምክር ሰጪውን ነው። ከአንባቢያን መካከል የሕክምና፥ የነርስነት፥ የሥነ ልቡናና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች አላችሁ። ነገ ይህን ሥራ የምትረከቡት እናንተ ናችሁና፥ ከመረከባችሁ በፊት የሥራውን ክብደትና ክብደቱን ለመካፈል የሚቻልበትን መንገድ ብታውቁት መልካም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ዝለት ምንድን ነው?

ድካምና ዝለት አንድ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ይደክመዋል፤ ነገር ግን እራቱን በልቶ፥ እግሩን ታጥቦ፥ ሌሊቱን ከተኛ በማግሥቱ በሬዎቹን ጠምዶ ይወጣል። ዝለት ግን እንቅልፍ የማይፈታው ድካም ነው። ሰውዬው በሥራው ላይ ቆሞ ሳለ ልቡ ከሥራው ይሸሻል። የውጭ አገር ሊቃውንት «በርንአውት» ይሉታል፤ ነድዶ ማለቅ እንደ ማለት ነው።

ይህ ስም በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የገባበት ታሪክ ከርእሳችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ፥ የቀን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፥ ለድኾች በነጻ በሚሰጥ ክሊኒክ ያገለግል ነበር። ወደዚያ ክሊኒክ ከሚመጡት ብዙዎቹ በአደንዛዥ ዕፅ የተያዙ ወጣቶች ነበሩ። ፍሮይደንበርገር በቅን ልቡና ተነሣሥተው የመጡት አገልጋዮች ወራት ሲያልፉ ልባቸው ሲደነድን፥ ሲቆጡ፥ ሲታመሙና ሥራውን ጥለው ሲሄዱ ተመለከተ፤ ይህንኑም በ1974 ጽፎ አሳተመ። እንግዲህ የዝለት ጥናት የተወለደው ከሱስ ሕክምና ቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ክሪስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆና በ1981 ዝለትን መለኪያ የሚሆኑ 22 ጥያቄዎች አወጣች። በዚህ መለኪያ ዝለት ሦስት ገጽታዎች አሉት።

1ኛ/ የስሜት መሟጠጥ። ሠራተኛው ጧት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ገና በቤቱ ሳለ ይደክመዋል። ለታማሚው የሚሰጠው ርኅራኄ ከየት እንደሚመጣ ያጣዋል።

2ኛ/ ከሰው መራቅ። ታማሚው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ «ያ ሰካራም» ይባላል። ሠራተኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ራሱን ከሐዘን ለመከላከል የሠራው አጥር ነው። አጥሩ ግን ታማሚውንም ከውጭ ያስቀረዋል።

3ኛ/ የሥራን ፍሬ ማጣት። «ይህን ሁሉ ዓመት ለፋሁ፤ አንድ የዳነ ሰው የታለ?» የሚል ሐሳብ ይነግሣል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ዝለት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ ተመዝግቧል፤ በሽታ ግን አልተባለም። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ እንዳይታየን። ዝለት የግለሰቡ በሽታ ቢሆን ኖሮ ሰውዬውን ለብቻው ማከም በበቃ ነበር። ከሥራው የሚመጣ ከሆነ ግን መታከም የሚገባው የሥራው አሠራር ጭምር ነው።

፪. በሱስ ሕክምና ለምን ይበረታል?

የመጀመሪያው ምክንያት ማገርሸት ነው። አጥንት የተሰበረ ሰው ሲጠገን ተራምዶ ይሄዳል፤ ሐኪሙም ዐይቶ ይደሰታል። ከአልኮል የተላቀቀ ሰው ግን ከሦስት ወር በኋላ ሰክሮ ሊመጣ ይችላል። ቶማስ ማክሌላንና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ለሱስ ከታከሙት መካከል ከመቶ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚያገረሽባቸው አስረድተዋል። በዚያው ጽሑፍ የደም ግፊትና የአስም ታማሚዎች ከመቶ ከ50 እስከ 70 የሚሆኑት ሕመማቸው እንደሚያገረሽባቸው ተጽፏል። ነገር ግን የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ የመጣውን ሰው «ከዳኸኝ» የሚለው ሐኪም የለም። መድኃኒቱን አስተካክሎ ይሰደዋል። በሱስ ጊዜ ግን ማገርሸቱ እንደ ክህደት ይቈጠራል፤ ሠራተኛውም የተሸነፈ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ንቀት ነው። ሱስ የጠባይ ብልሹነት ነው የሚል አስተያየት ሰፍኖ ስለሚገኝ፥ ሱሰኛን የሚያክመው ሠራተኛ ሥራውም አብሮት ይናቃል። ሦስተኛው ምክንያት፥ ታማሚው ስንት እንደ ጠጣ እውነቱን ለመናገር ስለሚያፍር ሠራተኛው ዘወትር በጥርጣሬ መኖሩ ነው። አራተኛው ደግሞ አደጋው ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አእምሮውን ስቶ የሌለ ነገር ሊያይና ሊሞት ይችላል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሌሊት ሲጠብቅ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

፫. የአገራችን ሁኔታ፤ ሽንዲንና አካባቢዋን በምሳሌነት

ሽንዲ ከቡሬ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በቆሎ፥ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል ለም አገር ነው። ጠላውና አረቄው የሚወጣውም ከዚያው እህል፥ ከጌሾና ከብቅል ነው። በ2019 የወጣው ቁጥር 1112 አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ሆኖም የቤት አረቄ ማስታወቂያ አያሻውም። የሚያወጡት ሴቶች አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚሁ ገቢ ነው። የጤና ሠራተኛዋ በአንድ በኩል የሚጠጣውን ሰው እያከመች በሌላ በኩል መጠጡን የምትሸጠውን ጎረቤቷን ችግር ታውቃለች። እርስዋ በሁለቱ መካከል የቆመች ናት።

ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ ተብሎ የታቀደ ሲሆን፥ እነዚህ ሴቶች በሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል ይኖራሉ። በአዲስ አበባ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ከታማሚዎቹ ይለያል። በሽንዲ ግን ታማሚው በገበያ፥ በቤተ ክርስቲያንና በእድር ይገኛል። ማታ የሰከረውን ባል ሸሽታ የምትመጣ ሴት የምታንኳኳው የሠራተኛዋን የመኖሪያ ቤት በር ነው። የሥራው ሰዓት ያበቃል፤ ሥራው ግን አያበቃም።

በአዲስ አበባ ከተማ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 የአእምሮና የሱስ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ የሚያስችል መርሐ ግብር ሲያወጣ፥ አገራችን ቀድመው ከሞከሩት መካከል አንዷ ሆናለች። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው። ችግሩ ከአሠልጣጠኑ ላይ ነው። ከአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተመርጦ ለጥቂት ቀናት ወደ ከተማ ይሄዳል፤ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰከረ፥ የተቈጣ፥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ «የሠለጠነው አለልህ» እየተባለ ወደ እርሱ ይላካል። ሥልጠናው ዕውቀት ሰጠው፤ ደግሞም ብቻውን አስቀረው። ዓመት ሳይሞላ ዝውውር ይጠይቃል፤ ዝውውሩ ሲፈቀድለት ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ለዚህ ነው አንዱን ሰው ከማሠልጠን ቤቱን በሙሉ ማሠልጠን ይሻላል የምንለው።

፬. የቡድን ሥልጠና ለአገራችን እንግዳ አይደለም

በደምቢያ በ1953 ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድ ግቢ ያስተምር ነበር፤ የሚላኩትም በአንድነት በየጤና ጣቢያው እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎንደርም በጅማም የመጨረሻ ዓመት የጤና ተማሪዎች ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሆነው በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና ተለምዷል። ልንጨምርበት የሚገባን ሱስንና የሠራተኛውን የራሱን ጤንነት ነው። የጎጃም ገበሬም ቢሆን አጨዳው ሲከብደው ወንፈል ይጠራል እንጂ ብቻውን እስኪወድቅ አይለፋም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከውጭ አገር ከተደረጉት ጥናቶች ሁለቱን ብቻ እንመልከት። ስቲቨን ሄይዝና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት የሱስ ምክር ሰጪዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ክፍል ስለ ዕፆች ጠባይና በሰውነት ላይ ስለሚያደርሱት ነገር ትምህርት ተሰጠው። ሁለተኛው ስለ ልዩ ልዩ ባህሎች ተማረ። ሦስተኛው ግን በታማሚው ላይ የሚመጣበትን ክፉ ሐሳብና ተስፋ መቁረጥ ሳይደብቅ ተመልክቶ፥ ሐሳቡ እያለም ቢሆን ለሥራው ዓላማ መታመንን ተለማመደ። ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመሩ የሦስተኛው ክፍል ዝለት ቀንሶ ተገኘ። ሌላው በሐና ክኑድሰንና በባልደረቦቿ በ2008 የታተመው ጥናት ነው። በእርሱም መልካም የሙያ ክትትልና ምክር ከኃላፊያቸው የሚያገኙ የሱስ ምክር ሰጪዎች የስሜት መሟጠጣቸው አነስተኛ፥ ሥራውን ለመልቀቅ ያላቸውም ሐሳብ የቀነሰ መሆኑ ታይቷል። ከሁለቱ የምንማረው፥ ዕውቀት ብቻውን ከዝለት እንደማያድንና የሥራ ጓደኛና ኃላፊ ትልቅ መድኃኒት መሆናቸውን ነው።

፭. ለአንድ ጤና ጣቢያ የሚሆኑ ስድስት ትምህርቶች

ቀጥሎ የቀረበው አንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ያለ ብዙ ወጪ ሊያካሂደው የሚችል ዕቅድ ነው። ስብሰባው በየ15 ቀኑ ለአንድ ሰዓት በዚያው በጤና ጣቢያው ይደረጋል። ካርድ ክፍል የሚሠራው፥ ጥበቃው፥ የጽዳት ሠራተኛዋ፥ የመድኃኒት ቤቱ ሰው፥ አዋላጇና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁሉ ይገኛሉ። ታማሚው መጀመሪያ የሚያገኘው ጥበቃውን ነውና በር ላይ ከተሰደበ ነርሷ ቢሮዋን ብታሳምር አይጠቅመውም።

አንደኛ ትምህርት፦ የጋራ ዕውቀት። ሱስ ምንድን ነው? አንጎልን እንዴት ይለውጣል? በድንገት ማቆም ለማን አደገኛ ነው? የትኛው ታማሚ በጤና ጣቢያው በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ሊረዳ ይችላል? የትኛውስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሳይዘገይ መላክ አለበት? ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወረቀቱን ሁሉም ካወቀው ሌሊት ተረኛ የሆነው ሰው ብቻውን አይደነግጥም።

ሁለተኛ ትምህርት፦ ፍሬን መለካት። ቡድኑ «ፈጽሞ ተወ» ከሚለው ሌላ የፍሬ ምልክቶችን ይወስናል። በቀጠሮው ቀን መጣን? በየቀኑ ይጠጣ የነበረው በገበያ ቀን ብቻ ሆነን? ሳይበላ መጠጣት ተወን? በቤቱ ሰላም ወረደን? እነዚህ በመዝገብ ይጻፋሉ፤ በየወሩም በስብሰባ ይነበባሉ። የሥራው ፍሬ አለመታየቱ አንዱ የዝለት ምንጭ ከሆነ፥ ፍሬውን ማሳየት አንዱ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛ ትምህርት፦ አነጋገር። ዊሊያም ሚለር በ1983 የጀመረውና በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያስፋፋው የምክር አሰጣጥ፥ ታማሚው የሚለወጥበትን ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ሁለት ሰዎች ነርስና ታማሚ ሆነው በጨዋታ መልክ ይለማመዱታል። በመጀመሪያ ነርሷ «አያ፥ ዛሬም ጠጥተው መጡ? ስንት ጊዜ ነገርኩዎ!» ትላለች። ሰውዬው አቀርቅሮ ዝም ይላል። በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ይባላል።

«አያ፥ በመምጣትዎ ደስ ብሎኛል። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ሳይጠጡ የዋሉበት ቀን ነበር?»
«ነበር እንጂ። በጾሙ ሁለት ሳምንት አልቀመስሁም።»
«ያን ጊዜ ምን ረዳዎ?»
«ከበር ዋርካ ሥር አልተቀመጥሁም። ከልጄ ጋር በቆሎውን ስንጠብቅ አመሸን።»

በሁለተኛው ንግግር ታማሚው የራሱን መድኃኒት ራሱ ተናግሯል። ነርሷም ሰውዬውን በገመድ ከመጎተት ዐርፋለች። ይህ አነጋገር ለታማሚው የሚጠቅመውን ያህል የሠራተኛውንም ትከሻ ያሳርፋል።

አራተኛ ትምህርት፦ ሸክምን መከፋፈል። እያንዳንዱ ታማሚ ሁለት ሠራተኞች እንዲያውቁት ይደረጋል፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢዛወር ሌላው ይቀጥላል። የሌሊት ተራ በጽሑፍ ይወሰናል። ከሥራ ውጭ በቤት ለሚመጣ ሰው ምን እንደሚመለስ ቡድኑ አንድ ቃል ይይዛል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ተረኛው ይጠራል፥ ካልሆነ ጧት ይመጣል። ይህ የአንዲት ነርስ ጭካኔ ሳይሆን የቤቱ ሕግ ይሆናል።

አምስተኛ ትምህርት፦ የጉዳይ ውይይት። ማይክል ባሊንት የተባለ ሐኪም በ1950ዎቹ በለንደን ሐኪሞችን ሰብስቦ፥ አንዱ ያስቸገረውን ታማሚ ሲያቀርብ ሌሎቹ ደግሞ ታማሚው በሐኪሙ ልብ ውስጥ ምን እንዳሳደረ እንዲወያዩ ያደርግ ነበር። በጤና ጣቢያው አንድ ሠራተኛ የታማሚውን ስም ሳይጠራ ጉዳዩን ያቀርባል። «ሳየው ያናድደኛል» ማለት ይፈቀዳል። ሌላው አይፈርድበትም፤ ከስብሰባውም ውጭ አያወራም። ኃላፊው ይህን ቃል በሥራ አፈጻጸም መዝገብ ላይ ቢያሰፍረው ከዚያ ወዲህ አፉን የሚከፍት አይገኝም።

ስድስተኛ ትምህርት፦ የውጭ ረዳቶች። በአገራችን ብዙ ሰው መጠጥ የሚያቆመው በነፍስ አባቱ ፊት ቃል ገብቶ ወይም ጠበል ገብቶ ነው። ይህን መናቅ አላዋቂነት ነው። ካህናቱ፥ የእድር ዳኞችና ሽማግሌዎች ተጋብዘው በአንድ ነገር ላይ ስምምነት ይደረግ፤ ይኸውም በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ከማቆሙ በፊት ወይም በዚያው ቀን በጤና ጣቢያው እንዲታይ ነው። እንዲህ ከሆነ ጸሎቱም ሕክምናውም ሳይጣሉ ሰውዬው ይተርፋል፤ ነርሷም ብቻዋን አትቀርም።

ውጤቱን ለማወቅ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት፥ ከስድስተኛው በኋላና ከሦስት ወር በኋላ ሠራተኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ከላይ ስለ ተነገሩት ሦስት ገጽታዎች ይጠየቁ። ስንት ሠራተኛ ከሥራ እንደ ቀረ፥ ስንት ታማሚ ለሁለተኛ ቀጠሮ እንደ ተመለሰ ይቈጠር። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ዕቅዱ ይታረም።

፮. ሥልጠና የማይችለው

ይህን ስንል ሥልጠና ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም። በግንቦት 2025 በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በወር ደመወዙ የቤት ኪራይና የልጅ ምግብ የማይሸፍን ሰው በስድስት ስብሰባ አይጽናናም። የአማራ ክልልም በነሐሴ 2023 ጦርነት ውስጥ ገብቷል፤ በዚያው ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ ፍንዳታ ብዙ ሰው ሞቷል። መንገድ በሚዘጋበት፥ መድኃኒት በማይደርስበትና የቆሰለ ሰው በሚጎርፍበት ጊዜ የሠራተኛው ዝለት ከሥልጠና ማነስ የመጣ ነው ማለት ስድብ ነው። ስለዚህ «ራሳችሁን አጽኑ» የሚለው ትምህርት ደመወዝን፥ የሰው ኃይልንና ሰላምን ለመከልከል ምክንያት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባናል። በሬውን ሳያበሉት ቀንበሩን ቢያለሰልሱለት አያርስም።

ነገር ግን ደመወዝ እስኪጨመር፥ ሰላም እስኪወርድ ድረስ ታማሚው ከበር ላይ ቆሟል፤ ነርሷም ከውስጥ አለች። በዚህ መካከል በእጃችን ያለው ነገር ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው እንዲደጋገፉ ማድረግ ነው።

፯. የተማሪው ድርሻ

በ1964 የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያደርገው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር፥ ብዙዎች አገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነበር። ዛሬም ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ የምትላኩ አላችሁ። በደረሳችሁበት ጤና ጣቢያ ሦስት ነገር አድርጉ። የሱስ ታማሚ ሲመጣ ማን እንደሚቀበለውና ያ ሰው ብቻውን መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የመጀመሪያውን ትምህርት አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉና ከግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከመሄዳችሁም በፊት አንድ የጉዳይ ውይይት እንዲደረግ ኃላፊውን ለምኑ። ስትመለሱ ያያችሁትን ለማኅበራችሁ ጻፉ፤ ከልዩ ልዩ ወረዳ የሚሰበሰበው ማስታወሻ ለሚቀጥለው ዓመት ተላኪዎች መማሪያ ይሆናል።